ከባሕሩ በኩል የጠራኝ ድምፅ

አማቴ ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። እኔም አላየሁም። ከቤታችን ሰው ባሕር ያየው ባሌ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለሱቃችን ዕቃ ፍለጋ አሰብ ወርዶ ሲመለስ ከመኪና መስኮት ነው ያየው። ያም ሆኖ አሰበ ተፈሪ ገብቶ ለጎረቤት ሲያወራ ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ይመስል ነበር። «ውሃው እስከ ሰማይ ነው፤ ማዶ የለውም» ሲል አማቴ ከተቀመጡበት ቀና ይሉና፣ «ማዶ የሌለው ውሃ የለም፤ ማዶውን ያላየ ዓይን እንጂ» ይሉት ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የሶማሌ ጦርነት አልፎ የሐረርጌ መንገድ ረጋ ማለት ጀምሯል። የባሌ እህት ወደብ ውስጥ የሚሠራ ሰው አግብታ አሰብ ትኖር ነበርና በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። አማቴ «የልጄን ልጅ ሳላይ አልቀመጥም» አሉ። ባሌም ሰበብ አገኘ። «ልጆቹም ባሕር ይዩ፣ አንቺም ትንሽ ንፋስ ይምታሽ፤ ከሱቅና ከጓዳ ውጪ ምን አየሽ?» አለኝ። ለሽርሽር ብሎ ከከተማ ወጥቶ የሚሄድ ሰው በእኛ ሰፈር አይታወቅም ነበር። ለለቅሶና ለሠርግ ነው የሚኬደው። ስለዚህ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ስንጠይቅ ያስመዘገብነው አራስ ጥየቃ ብለን ነው።

ስለ አማቴና ስለ እኔ አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ በኋላ የሆነው ነገር አይገባም። የባሌ ወላጆች ከስልጤ አገር መጥተው አሰበ ተፈሪ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው። አማቴ ለልጃቸው ያሰቧት ሴት እዚያው አገራቸው ነበረች። እሱ ግን በደሳ ቡና ሊገዛ ሲመላለስ አባቴ መደብር ውስጥ እኔን አየ፤ ሽማግሌ ላከ፤ ተጋባን። አማቴ አልተጣሉኝም። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ስወልድ እንደ እናት አርሰውኛል። ነገር ግን በስሜ አይጠሩኝም፤ «የበደሳዋ» ነበር የሚሉኝ። «የበደሳዋ፣ ሰው መጥቷል፤ ሱቅ ውጪ።» «የበደሳዋ፣ ልጁ ያለቅሳል።» ለጎረቤቱ ልጅ፣ ለጫኝና አውራጁ፣ በር ላይ ለቆመ ለማኝ ሳይቀር «ልጄ» የሚለው አፋቸው ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ አለቅስ ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ ሰው ጠባብ ጫማ እንደሚለምደው።

ሁለት ልጆች ነበሩን። ትልቋ ሴት ናት፤ ትምህርት ቤት ልትገባ የደረሰች፣ ወሬኛ፣ ከአያቷ ጉያ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳት። ትንሹ ወንድ ገና ከጀርባዬ አልወረደም። ሴቷ አሰብና አሰበ ተፈሪ አንድ ከተማ እየመሰሏት «ታዲያ እዚሁ እያለን ወዴት ነው የምንሄደው?» እያለች ታስቀን ነበር።

ሚኤሶ ወርደን ባሌ የሚያውቀውን የተሳቢ መኪና ሾፌር ጠበቅን። አማቴና ልጆቹ ከሾፌሩ ኋላ ካለችው መኝታ ላይ ወጡ፤ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ባሌ ከጭነቱ ላይ ሻርፑን ተከናንቦ ተሰቀለ። አዋሽን አልፈን ወደ አፋር ምድር ስንገባ ማሽላውም በቆሎውም ከኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ምድር እስከ ዛሬ ለሰው አስረድቼ አላውቅም። ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ዛፍ የለ፣ ወፍ የለ፤ ትናንት ተቃጥሎ ዛሬ የበረደ ይመስላል።

«እማማ፣ ይሄን ማን አቃጠለው?» አለች ልጄ አያቷን።

 የአማቴ ከንፈር «ቢስሚላሂ» ሲል ብቻ አየሁ። ቆይተው ግን ለልጅቷ ሳይሆን ለእኔ በሚመስል ድምፅ፣ «እንዲህ ያለ አገር ባዶ አይደለም። ሰው የማያርሰውን ሌላ ያርሰዋል» አሉ። ሾፌሩ ሳቅ ማለት ጀመረና ተወው። 

አሰብ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። መጀመሪያ የመጣብን ሽታው ነበር፤ ጨው፣ ናፍጣና ዓሣ አንድ ላይ። የባሌ እህት ሕፃኑን ታቅፋ አስፋልት ድረስ ወጥታ ጠበቀችን። አማቴ ሕፃኑን ተቀብለው ግንባሩን ሲስሙ አለቀሱ፤ ሁላችንም አለቀስን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ የሚሉ ነበሩ። ሰዉ ከሙቀቱ ብዛት አልጋውን ግቢ አውጥቶ ይተኛል። ዓሣ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰንጥቆ በእሳት ተጠብሶ በትኩስ ቂጣ እንበላለን። የእህቱ ባል ወደብ በር ድረስ ወስዶ እንደ ተራራ የቆሙ መርከቦች አሳየን። ልጄ «ይሄ ሁሉ ብረት ለምን አይሰምጥም?» እያለች አንገቷ እስኪያማት ታያለች። አማቴ ግን ውሃው አጠገብ አይደርሱም። ከሩቅ ቆመው ጥቂት ይመለከቱና ፊታቸውን ያዞራሉ። «ዝም ብሎ የሚተነፍስ ነገር አልወድም» አሉኝ አንድ ጊዜ። ማዕበሉን ማለታቸው ነው።

እሑድ መጣ። እሑድ ቤተሰብ ሁሉ ምግቡን ቋጥሮ ባሕር ዳር የሚውልበት ቀን ነው። እኛም ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንባባ ወዳለበት ዳርቻ ልንሄድ ሆነ። ሕፃኑን ሌሊቱን አተኩሶት ስላደረ የባሌ እህት ቤት ቀረች። ባሏም የቀበሌ ስብሰባ ነበረበትና በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ አድርሶን ሊመለስ ሆነ። ሰጋጃውን፣ ውሃውንና ምግቡን አውርዶ ዘንባባው ጥላ ሥር ካስቀመጠ በኋላ ባሌን፣ «ውሃው ሲሸሽ ብዙ አትከተሉት። ይመለሳል» አለው።

«አውቃለሁ፤ አሁን አየሁት እንዴ ባሕር?» አለ ባሌ እየሳቀ።

ሰው አልነበረም። ሌላ ጊዜ እሑድ እሑድ እንደሚሞላ ነግረውን ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ከእኛ በቀር ማንም አልመጣም። ነፋሱ ሁልጊዜ ልብስ የሚገፍ ነው፤ እሱም ቆሟል። የዘንባባው ቅጠል አይነቃነቅም። ባሕሩ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ወለሉ ወጥቷል፤ እርጥብ፣ ለጥ ያለ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ የያዘ አሸዋ። ራቅ ብሎ በባሕር ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች ሥራቸው ተገልጦ ቆመዋል፤ ብዙ እግር ያላቸው ሰዎች ይመስላሉ።

«እስከ ዛፎቹ ደርሰን እንምጣ» አለ ባሌ። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። አማቴ አልሄድም አሉ። «የዙህር ወቅት እየደረሰ ነው። ሰግጄ እጠብቃችኋለሁ። በቀትር አትራቁ፤ ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም» አሉ። ባሌ እጃቸውን ስሞ ሴቷን ልጅ ትከሻው ላይ አወጣት። እኔ ትንሹን አዘልኩና ተከተልኩት።

መጀመሪያ እንደ ልጅ ነበር የተጫወትነው። አሸዋው ከእግራችን ሥር ይቀዘቅዛል፤ ሸርጣኖች ከጉድጓዳቸው ብቅ እያሉ ሲያዩን ይገባሉ። ዛጎል ለቀምን፤ በሻርፔ ጫፍ ቋጠርኩት። ባሌ እየዘፈነ፣ ልጅቷ ከትከሻው ላይ እያጨበጨበች፣ ከዛፎቹ ደረስን፤ አለፍናቸውም። ከዛፎቹ ወዲያ አሸዋው የበለጠ ነጭ ነበርና ዓይናችንን ወሰደው። ከፍ ካለችው ፀሐይ ሥር ጥላችን ጠፋ። ትንሹ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

የሆነ ጊዜ ላይ ዘወር አልኩ። ዳርቻው የለም።

እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ጉም አይደለም፤ አቧራም አይደለም። ብርሃን ነው። ሰማዩም አሸዋውም ውሃውም አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው ተጋጥመዋል። ዘንባባው የለም፤ የመጣንባቸው ዛፎች በግራችን ይሁኑ በቀኛችን አይታወቅም፤ ዱካችን የነበረበት እርጥብ አሸዋ ውሃ እየጠጣ ደፍኖታል። እንቁላል ውስጥ የገባን ይመስል ነበር። ድምፅ የለም። የባሌ ዘፈን እንኳ መቼ እንደቆመ አላውቅም።

«በዚህ ነው የመጣነው» አለ እጁን ዘርግቶ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «አይደለም፤ በዚህ ነው» አለ። ትከሻው ላይ ያለችውን የልጅቷን እግር አጥብቆ ያዘ።

በዚህ ጊዜ አማቴ ጠሩን።

ከሩቅ አይደለም፤ ሰው ከጓሮ ሆኖ ጓዳ ያለ ሰው እንደሚጠራው ነው። ያቺው ትንሽ ጎርነን ያለች ድምፃቸው፣ ያው መጨረሻ ላይ ሳብ የምትለው አነጋገራቸው። የልጃቸውን ስም ጠሩ። ባሌ ወዲያው ደረቱን ነፍቶ፣ «አልሐምዱሊላህ! እማዬ ናት። በዚህ ነው!» ብሎ መራመድ ጀመረ። እኔም ተከተልኩት።  ልጅቷም ከትከሻው ላይ፣ «እማማ! እማማ!» እያለች እጇን ታወዛውዛለች።

ትንሽ እንደሄድን ድምፁ እንደገና መጣ። አሁን የተጠራሁት እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ ነይ። በዚህ በኩል ነው። ነይ ልጄ።»

ቆምኩ። የቆምኩት አስቤ አይደለም፤ እግሬ ነው የቆመው። እዚያ ሙቀት ውስጥ ብርድ ከተረከዜ ተነስቶ እስከ ማጅራቴ ወጣ። ይህን ቃል ከዚያ ድምፅ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ስወልድ፣ ስታመም፣ አባቴ የሞተ ዕለት። አሁን ደግሞ ይኸው፤ እንዴት ይጣፍጣል! የእናቴ እንኳ እንዲያ አይጣፍጥም ነበር።

«ምን ሆነሻል? ነይ እንጂ!» አለ ባሌ ዞር ብሎ።

«እናትህ አይደሉም።»

«ምን?»

«እሳቸው አይደሉም። አትሂድ።»

«የእናቴን ድምፅ አንቺ ልትነግሪኝ ነው? ስሜን ስትጠራ አልሰማሽም?»

«አንተን ስምህን ጠሩ። እኔን ግን ልጄ አሉኝ» አልኩት። «ልጄ ብለውኝ ያውቃሉ?»

 በቤታችን ይህን ነገር አንስተነው አናውቅም ነበር፤ ያውቀዋል፣ አውቀዋለሁ፣ ተሸፋፍኖ ይኖራል። እዚያ ምድረ በዳ ላይ ተገልጦ ቆመ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ድምፁ ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን እንደማባበል፣ እንደማልቀስም እያለ፣ «ልጄ... ደከመኝ... ነይ ያዢኝ» አለ። የዚያን ጊዜ ነው ውሃው ቁርጭምጭሚቴን የነካኝ። ለብ ያለ ነበር። ከየት እንደመጣ አላየንም፤ ከድምፁ በኩል ብቻ እንደሚመጣ ታወቀን።

ባሌ ልጅቷን ከትከሻው ወደ ደረቱ አወረዳት፤ ፊቷን በሻርፑ ሸፈነው። ሌላ እጁን ለእኔ ሰጠኝ። ጀርባችንን ለድምፁ ሰጥተን ሄድን። ባሌ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ጮክ ብሎ ይቀራል፤ እኔም የማውቀውን ያህል እከተለዋለሁ። ልጅቷ ከሻርፑ ሥር፣ «ለምን እንሄዳለን? እማማስ? እማማስ?» እያለች ታለቅስ ነበር። ዝም ማሰኘት እንኳ አልቻልንም። ውሃው ጉልበታችን ደረሰ፤ ሻርፔ ውስጥ የቋጠርኩት ዛጎል ወዴት እንደወደቀ አላወቅሁም። ከኋላችን መጠራታችን ቀጥሎ እንደሆነም አላውቅም፤ ላለመስማት ነበር የምጮኸው። ከዚያ ውሃው ጎደለ፤ አሸዋው ጠነከረ፤ መጀመሪያ አንዲት ዘንባባ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ ከነጩ ብርሃን ውስጥ እንደ ጥቁር ጣት ወጡ።

አማቴ ሰጋጃቸው ላይ ናቸው። ሱጁድ ወርደው ግንባራቸው መሬት ነክቷል። ቆመን ጠበቅናቸው፤ ውሃው ከልብሳችን እየተንጠባጠበ። ቀና አሉ፤ ተቀመጡ፤ ወደ ቀኝ አሰላመቱ፤ ወደ ግራ አሰላመቱ። ከዚያ ዘወር ብለው ልጃቸውን ተቆጡት።

«ሶላት ላይ መሆኔን እያየህ ምን አስጠራህ? ያውም ከኋላዬ! ሦስት ጊዜ! ሶላቴን ላቋርጥ ምንም አልቀረኝም።»

«ከኋላሽ?» አለ ባሌ።

«ከመንገዱ በኩል። ‹እማዬ፣ ልጆቹ ጠፍተዋል፣ ነይ› እያልክ።»

ከኋላቸው ያለው በመንገድ ያየነው ዓይነት ጥቁር የድንጋይ ሜዳ ነው። እኛ ደግሞ የመጣነው ከፊታቸው፣ ከባሕሩ ነው። አማቴ እርጥብ ልብሳችንን አዩ፤ የልጃቸውን ፊት አዩ።  ተነስተው ልጆቹን በየተራ በእጃቸው ዳበሷቸው፤ ራሳቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን፤ የጎደለ ነገር እንዳለ እንደሚፈልግ ሰው። ሴቷ ልጄ ግን ከአባቷ አንገት ተጣብቃ አልወርድም አለች።

የባሌ እህት ባል ከስብሰባው ሲመለስ ምግባችን እንደተቋጠረ ነበር። ባሌ ነገሩን ሲነግረው አልሳቀም። «በየት በኩል ነበር የጠራችሁ?» አለ። ባሌ በእጁ አሳየው። ሰውየው ወደዚያ ጥቂት ካየ በኋላ፣ «እዚያ ጋ መርከብ የሚያልፍበት ጥልቅ ነው። ወለሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚቋረጠው» አለና ዕቃውን መጫን ጀመረ። 

ያን ዕለት ከመምሸቱ በፊት፣ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ባሌ ለእናቱና ለእህቱ ሁሉንም ነገራቸው። እኔ እንዴት እንዳወቅሁም ነገራቸው። አትንገር ብዬ በዓይኔ ብማጠነውም አልተመለሰም። የባሌ እህት መሬት መሬቱን አየች። አማቴ ግን ቀጥ ብለው እኔን አዩኝ። 

«እውነቷን ነው» አሉ። «ብዬያት አላውቅም።»

በማግሥቱ ጠዋት ዓሣ የያዘ ሳህን ተሸክሜ ሳልፍ ከኋላዬ፣ «ልጄ፣ ልርዳሽ» የሚል ሰማሁ። ሳህኑ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ዘወር ስል አማቴ ናቸው፤ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመዋል። ፊቴ ላይ ያዩትን ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ፈገግታቸው ግን በአንድ ጊዜ ጠፋ። አጎንብሰው ስብርባሪውን ከእኔ ጋር ለቀሙ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን አልደገሙትም። እኔም ልነግራቸው ፈልጌ አልቻልኩም። ምን እላለሁ? የተመኘሁትን ቃል ሌላ ነገር ቀድሞ ወሰደብኝ፣ ከእንግዲህ ከማንም አፍ ቢወጣ ውሃ ቁርጭምጭሚቴን ይነካኛል እላለሁ?

ባሌ፣ ልጆቹ ፈርተው እንዳይቀሩ ብሎ በጀልባ ወደ አንድ ቅርብ ደሴት ወሰደን። ያ ቀን እውነተኛ ሽርሽር ነበር ማለት ይቻላል፤ ሌሎች ቤተሰቦችም ነበሩ፤ ሕፃናት ይንጫጫሉ፤ ሬዲዮ ይዘፍናል፤ ትንሹ ልጄ ዓሣ ሲዘል እያየ ሆዱ እስኪያመው ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ ሰው አድርጌ ተቀመጥኩ። የሚጮኽ ሰው ሁሉ ማንን እንደሚጠራ፣ የተጠራውስ መልስ እንደሰጠ እያጣራሁ ዋልኩ። አማቴ ከቤት አልወጡም።

ወደ አሰበ ተፈሪ ተመለስን። ብርዱ፣ ጭቃው፣ የገበያው ጫጫታ ደስ አለኝ። ሱቃችንን ከፈትን፤ ኑሮ ቀጠለ። ሁለት ነገር ግን ተለወጠ።

አንደኛው፣ ሴቷ ልጄ ከአያቷ ጋር መተኛት ተወች። ከመጣን ጀምሮ መሸት ሲል ከእኔ ቀሚስ ጋር ትጣበቃለች። አማቴ ብርድ ልብሳቸውን ገልጠው፣ «ነይ እንጂ፣ እግርሽን ላሙቅልሽ» ሲሏት ከአባቷ ኋላ ትሸሸጋለች። ከእጃቸው ቁራሽ አትቀበልም። «አደገች፤ ትምህርት ቤት ስትገባ አፈረች» አልን። አማቴ ግን ሲጎዱ ይታየኝ ነበር። ባዶ ጎናቸውን በእጃቸው እየደለደሉ ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው የእኔ ነው። አንድ የገበያ ቀን አማቴ ከገጠር ከመጡ ሴቶች ጋር ሱቁ በር ላይ በኦሮምኛ ሲጫወቱ ቆዩ። ኦሮምኛቸው ከአማርኛቸው የተሻለ ነበር፤ የገበያ ኑሮ ያስተማራቸው ነው። እኔም የበደሳ ልጅ ስለሆንኩ አፌን የፈታሁት በእሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ከእሳቸው ጋር ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የምንነጋገረው። አንዷ ገበሬ ወደ እኔ እያመለከተች ማን እንደሆንኩ ጠየቀቻቸው። አማቴ ዘወር ብለው አዩኝ። ጥንቃቄ በተሞላበት ድምፅ፣ የጋለ ነገር እንደሚነካ ሰው፣ «ኢንተላ ቲያ» አሏት። ልጄ ናት ማለት ነው።

ጠበቅሁ። ብርዱ አልመጣም። ውሃው አልነካኝም። ያ ከባሕሩ የመጣው ድምፅ አማርኛ ነበር የተናገረው፤ ይህን ቃል አልደረሰበትም። አማቴ አሁንም ፊቴን እያዩ ነበር፤ ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የበደሳዋ» ቀረ። «ኢንተላ ቲያ፣ ሱቅ ውጪ። ኢንተላ ቲያ፣ ልጁ ያለቅሳል።» እኔም «አቤት እማማ» እላለሁ፤ በመጀመሪያው ጥሪ።

የሴት ልጄ ነገር የተፈታው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ፀጉሯን እየሠራኋት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ። አማቴ ጎረቤት ሄደዋል። ልጅቷ ድንገት፣ ለረጅም ጊዜ ስታስበው የቆየች መሆኗ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «እማዬ፣ እማማን ለምን እዚያ ትተናት መጣን?» አለችኝ።

«የት?»

«ባሕሩ ውስጥ።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቆመ። እሷ ግን ቀጠለች። አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ከእኛ አርቃ ታይ ነበር። አያቷ እዚያ ቆማ ነበር፤ ውሃው እስከ ወገቧ፣ ያን ቢጫ ሻሿን አስራ፣ እጇን እያወዛወዘች። «ደከመኝ ስትል እኮ ሰማችኋት። እናንተ ግን ፊቴን ሸፈናችሁና ሄዳችሁ። ከዚያ ዘንባባው ጋ ሌላ እማማ አገኛችሁ። እኔ ያቺን አላውቃትም።»

ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክማ ኖራለች። ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ የማታውቃት ሴት በአያቷ ፊት እያየቻት።

ለባሌ ከመንገሬ በፊት ለአማቴ ነገርኳቸው። ይስቃሉ፣ ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት፤ ያ ቢጫው ነበር። «ያን ቀን የሰገድኩትን ዙህር» አሉ በመጨረሻ፣ «ስንት ጊዜ እንደገና ሰግጄ ቀዷ እንዳወጣሁት አላህ ያውቃል። ሙሉ አልሆን ይለኛል። መካከሉ ላይ የት እንደነበርኩ አላስታውስም። ስጀምር አስታውሳለሁ፤ ሳሰላምት አስታውሳለሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «እግሬ ግን በጨው ውሃ ርሶ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።»

  ተነሱና ልጅቷ ወደምትጫወትበት ጓሮ ሄዱ። እኔ በር ላይ ቀረሁ። ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አልነኳትም። «ልጠይቅሽ» አሏት። «እኔ እማማ እንደሆንኩ ካላወቅሽ፣ እማማ ብቻ የምታውቀውን ነገር ጠይቂኝ።»

ልጅቷ ብዙ አሰበች። ከዚያ በጆሯቸው ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም በጆሮዋ መለሱላት። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም እስከ መጨረሻው አልነገሩኝም። ልጅቷ ግን ራቅ ብላ ፊታቸውን ደግማ ደጋግማ መረመረች፤ የእጃቸውን ጀርባ በጣቷ ነካች፤ ሻሻቸውን ሳብ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ሽበት አየች። ወዲያው አላቀፈቻቸውም። ቀናት ፈጀባት፤ መጀመሪያ ከእጃቸው ዳቦ ተቀበለች፤ ቆይታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ በኋላ ወደ አልጋቸው ተመለሰች።

አማቴ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፤ አሰብንም ሁለተኛ አላዩም። ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ልጆቿን ውሃ ዳር ስትወስዳቸው አይቻታለሁ፤ አትፈራም፤ ትዋኛለችም። ብቻ ልጆቿ ራቅ ካሉ ቆማ አትጣራም። ሄዳ በእጃቸው ይዛ ነው የምታመጣቸው።